ከማን አንሼ፦ ሴት ልጅ ይዞ ስታዲየም የመግባት ታሪክ

የአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎች ስም አላቸው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ። ጥላ ፎቅ ስሙ እንደሚለው ጣሪያ ያለው፣ ትኬቱም ወደድ የሚል ነው። ካታንጋ የኮንጎ ክፍለ ሀገር ስም ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ዘምተው ስለነበር ስሙ ለከተማው ሰው ጆሮ እንግዳ አልነበረም። ሚስማር ተራ ደግሞ ንጹህ የገበያ ቋንቋ ነው። መርካቶ ላደገ ሰው “ተራ” ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰፈሩን የሚያውቀው ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ተራ ይባላሉ። ስታዲየም ውስጥም አንድ ዓይነት ስሜት ያላቸው ሰዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያው ተራ ሆኑ።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ከማን አንሼ ነው። ስሙን ስሰማ የሚታየኝ ኪሱ ብዙም የማይሞላ፣ ግን ደረቱን ነፍቶ የሚቀመጥ ሰው ነው። ደግሞ ቃሉን ልብ በሉት። አማርኛችን “አንሰህ” ሲል ወንድ፣ “አንሰሽ” ሲል ሴት ብሎ ይለያል። “አንሼ” ላይ ሲደርስ አይለይም። ወንድም ቢለው ያው ነው፣ ሴትም ብትለው ያው ነው። ቃሉ ለሁለቱም ክፍት ነበር፤ ወንበሩ ግን ለረጅም ጊዜ በአንዱ ብቻ ተይዞ ቆየ።

ከመርካቶ ስታዲየም ሩቅ አይደለም። በተክለ ሃይማኖት አድርጎ፣ ጥቁር አንበሳን አልፎ፣ ቁልቁል ወደ ብሔራዊ ቴአትር መውረድ ነው። በእግር የሚሄድ ሰው ላብ ሳያጠምቀው ይደርሳል። አንድ የመርካቶ አባት ወይም እናት የሴት ልጃቸውን እጅ ይዘው ያንን መንገድ እንዲሄዱ ግን ብዙ ነገር መለወጥ ነበረበት። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው።

ገበያው ሲሄድ

ታሪኩ መርካቶ ውስጥ አይጀምርም፤ ምክንያቱም ያኔ መርካቶ የሚባል ሰፈር አልነበረም። ገበያው አራዳ ነበር፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱ፣ ዓረቡ፣ ከገጠር እህል ጭኖ የመጣው ገበሬ ሁሉ እዚያው ነው የሚገናኘው። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ የሰጡት ስም ከዚያው ከሰፈራቸው ደብር የተወሰደ ነው፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ።

ኳስ ወደ ከተማው የገባው በሁለት በር ነው ማለት ይቻላል። አንዱ የውጭ አገር ሰዎች ማኅበር ነው፤ ሌላው ትምህርት ቤት። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ገደማ፣ ተፈሪ መኮንን ደግሞ በ1917 ተከፈቱ። ሁለቱም በዋናነት ወንድ ልጆች የሚማሩባቸው ናቸው። በኋላ የኢትዮጵያን ብቻ ሳይሆን የአፍሪካን እግር ኳስ የመራው ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኮንን ተማሪ ነበር፤ ገና በጉርምስናው ነው ጊዮርጊስ የገባው። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ከእነዚህ ዘግይቶ ነው። እንግዲህ ኳሱ በትምህርት ቤት በር ሲገባ ሴቷ ገና ግቢው ውስጥ አልነበረችም። ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙው ነገር ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ቡድኑ በተቋቋመ በአምስት ወሩ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያኖቹ ከተማውን በቆዳ ቀለም ለመክፈል ፕላን አወጡ። የድሮው አራዳ የነጭ ማዕከል እንዲሆን ተወሰነ፤ “ፒያሳ” ተባለ። ሐበሻው ወደ ምዕራብ ይሂድ፣ ገበያውንም ይዞ ይሂድ ተባለ፤ የአገሬው ሰው ገበያ፣ “መርካቶ ኢንዲጄኖ”። ሰፈሩም አዲስ ከተማ። ዛሬ በፍቅር የምንጠራቸው ፒያሳና መርካቶ የአንድ መለያያ ግንብ ሁለት ገጾች ነበሩ። እኛ ግንቡን ረስተን ስሞቹን ይዘን ቀረን።

ቡድኑም አልተረፈም። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለው ስም ቀርቶ “ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር” እንዲባል ተደረገ። ሊቶሪዮ የፋሺስቶቹ ምልክት ስም ነው። የአራዳ ልጆች የወራሪያቸውን ምልክት ስማቸው ላይ ለጥፈው ኳስ ተጫወቱ።

በ1933 ነፃነት ሲመጣ ቡድኑ ስሙን መልሶ አገኘ። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ማኅበረሰብ ቡድን ከነበረው ፎርቲቱዶ ጋር ተጋጥሞ 4 ለ 1 አሸነፈ። ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ የሚነሳው በጎሉ ብዛት አይደለም፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት አብሮ መጫወት የተከለከለ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ስላሳየ ነው። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድን ተሳተፈ፦ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። የድሮው አራዳ ገበያ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰልፎ የመጣ ይመስላል።

ገበያው ግን ወደ አራዳ አልተመለሰም። በዘር የተሰመረው መስመር ከሕግ ላይ ቢፋቅም መሬት ላይ ቀረ። ነጋዴው መርካቶ ሱቁን ከፈተ፣ ቤተሰብ መሠረተ፣ ወንድ ልጅ ሲወልድ ደግሞ እሁድ እሁድ እጁን ይዞ ወደ ኳስ መውረድ ጀመረ።

ጥር 13

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሁድ ነበር። ጥምቀት አልፎ፣ ቃና ዘገሊላ ትናንት ወጥቶ፣ ከተማው ገና ነጭ ልብሱን አላወለቀም። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ። ውድድሩ ትንሽ ነበር፤ አራት አገር ብቻ፦ እኛ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ። ከሳምንት በፊት ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈን ነው እዚህ የደረስነው። አሠልጣኙ ያ የተፈሪ መኮንን ተማሪ፣ ይድነቃቸው ተሰማ ነው።

ግብፅ ቀድማ አገባች። ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። ሰው ተቃቅፎ ሳይጨርስ ግብፅ ደግማ አገባች። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ለሉቺያኖ የሰጡት ጃንሆይ ራሳቸው ናቸው።

የቫሳሎ ወንድሞች ታሪክ ለብቻው መጽሐፍ የሚሆን ነው። አስመራ ነው የተወለዱት፤ እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣሊያናዊ ወታደር። በ1932 ዓ.ም. ፋሺስቶቹ ያወጡት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ በሕግ “ልጄ ነው” ብሎ እንዳይቀበል የሚከለክል ነበር። መርካቶን የፈጠረው አስተሳሰብና ይህን ሕግ የጻፈው አስተሳሰብ አንድ ነው፤ በአንድ በኩል ገበያ ከገበያ፣ በሌላ በኩል አባት ከልጅ ይለያል። ያቺ እናት ያሳደገቻቸው ሁለት ልጆች ናቸው የፍጻሜውን ሁለት ጎል ያገቡት። ታሪካችን ላይ ስለ “አባቶቻችን ድል” ስናወራ ይህን እናነሳለን? እምብዛም።

ስታዲየሙ ከዚያ በኋላም የአፍሪካ ዋንጫን ሁለት ጊዜ አስተናግዷል፤ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም.። የ1954ቱ ግን ሌላ ነው። ከቤት ወደ ቤት እየተወራ የሚሻገር ውርስ ሆነ። “እኔ እዚያ ነበርኩ” የሚል አያት የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስልም። ሁሉም እውነቱን ነው ወይ? ሁሉም እዚያ ቢገባማ ስታዲየሙ ይፈርስ ነበር። ግን የውርስ ነገር እንዲህ ነው፤ ያላየውም ያየ ያህል ይናገራል። ጥያቄው ለማን ነው የሚናገረው የሚለው ነው።

ማንም ያልጻፈው ሕግ

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። በሥራችን “ዲፎልት” የሚባል ነገር አለ። ተጠቃሚው ምንም ካልመረጠ ሲስተሙ ራሱ የሚመርጥለት ማለት ነው። ዲፎልት ክልከላ አይደለም። መለወጥ ትችላለህ፤ ማንም አይከለክልህም። ግን አብዛኛው ሰው አይለውጠውም። ስለዚህ ዲፎልቱን የወሰነ ሰው፣ ምንም ሳይከለክል፣ የሚሊዮን ሰው ምርጫ ወስኗል ማለት ነው።

የስታዲየማችን ዲፎልት ወንድ ነበር። ሴት አትግባ የሚል አዋጅ አልነበረም፣ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አልነበረም። በቃ ማንም አላሰባትም።

ይሄ ነገር ከመርካቶ ሲያዩት ደግሞ ግራ ያጋባል። መርካቶን ያየ ሰው “ሴት ልጅ ሕዝብ መሃል ምን ትሠራለች” ሊል አይችልም። በርበሬ ተራ ሂዱ፤ ሚዛኑን የያዘችው ሴት ናት። ሸክም የሚያወርደውን ወዛደር የምታዘው፣ ከደላላ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቃ ዋጋ የምትሰብረው፣ ዕቁብ የምትሰበስበው እሷው ናት። ያቺው ሴት ቅዳሜ ሲመሽ ሱቋን ቆልፋ፣ እሁድ ልብስ ታጥባለች፣ ቡና ታፈላለች፣ የሳምንቱን ወጥ ትሠራለች። ልጇም አጠገቧ ናት። ወንድየው ደግሞ መንገድ ላይ ጨርቅ ኳስ ሲያንከባልል ይውልና ከሰዓት ከአባቱ ጋር ይወጣል። ይህን ማንም በክፋት አላደረገውም። እሁድ ራሱ ነው እንደዚያ የተከፋፈለው።

ከዚያ ደግሞ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች አሉ። በር ላይ ያለው ግፊያ። ሰልፍ የሚያስይዘው ዱላ። ሌባ። ስድቡ፤ በተለይ በዳኛው እናት ላይ የሚወርደው። ሽንት ቤት። ሴት ልጅ ይዞ የሚወጣ አባት መጀመሪያ የሚያስበው ሽንት ቤትን ነው፤ እሱ ይዟት አይገባ፣ ብቻዋን አይልካት። ብዙ አባቶች “ትንሽ ከፍ ስትል” ያሉት በዚህ ነው። ከፍ ስትል ደግሞ ሌላ ምክንያት ይመጣል።

የእኔ አባት አልጠበቀም። መርካቶ ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ አንድ እሁድ “ነይ ጫማሽን አድርጊ” አለኝ። የጎረቤት ባለሱቅ ጓደኛው መንገድ ላይ ሲያገኘን ቆም አለ።

“አንተ! ሴት ልጅ ይዘህ ነው እንዴ የምትሄደው?”

“ልጅ ይዤ ነው” አለው አባዬ፣ ሳይቆም።

ከጨዋታው አንድም ጎል አላስታውስም። የማስታውሰው ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ስድብ ሲጀምሩ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው “ኧረ እናንተ፣ ልጅ አለች እኮ!” ማለታቸውን ነው። ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ስድቡን ቀየሩት፤ አልተውትም፣ ግን በአህያና በበግ ወሰኑት። አባዬ ሳቀ። እኔ ደግሞ በመኖሬ ብቻ የዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው አፍ የተቀየረ መሰለኝ።

አሁን ሳስበው እውነትም ተቀይሮ ነበር። ስለ ስታዲየም ጨዋነት ብዙ ይጻፋል፣ ብዙ ይመከራል። አንዲት ልጅ አንድ ረድፍ ላይ መቀመጧ ግን ያለ ምክር ሠርቷል።

አንድ ወር፣ ሁለት ቡድን

አባዬ ያላወቀው፣ እኔም ያልተነገረኝ አንድ ነገር ነበር። በዚያው በ1997፣ ዓመቱ እንደገባ በመስከረም ወር፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ወጥቶ ነበር። ከአፍሪካ አራተኛ! ከሁለት ዓመት በፊት በ1995ም ወደዚያው መድረክ ደርሰዋል። የወንዶቹ ቡድን በነዚያ ዓመታት የአፍሪካ ዋንጫን በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው፤ እንደ እኛ።

የበለጠ የሚገርመው ግን 2005 ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሁድ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈች። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ። የመጀመሪያውን ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር በድምሩ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው ጎል አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ። ያን ቀን አዲስ አበባ የነበረ ሰው አይረሳውም። መኪና ሁሉ ክላክስ፣ ሰው ሁሉ መንገድ፣ ማያውቁት ሰው ማቀፍ። ባንዲራ ያልለበሰ ታክሲ አልነበረም።

በዚያው ወር፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ጥቅምት 18፣ የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ ተከፈተ። ከተሳታፊዎቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የሴቶቹ ቡድን ከወንዶቹ ሦስት ወር ቀድሞ አህጉራዊ መድረክ ላይ ቆመ ማለት ነው።

እስቲ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። የሱዳንን ቀን የት እንደነበረ ይነግራችኋል፤ ከማን ጋር፣ ምን ለብሶ፣ ስንት ሰዓት ቤት እንደገባ። ስለ ሴቶቹ ጠይቁት። “እነሱም ሄደው ነበር እንዴ?” ይላል። ክፋት የለበትም። የነገረው የለም። አባቱም የነገረው የለም።

ውርስ እንዲህ ነው የሚሠራው። ያልተወረሰ ነገር ያልተደረገ ይመስላል።

ሌላው ዓለም በሩን በምን ከፈተ?

እንግሊዝ ውስጥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካ የገቡ ሴቶች ኳስ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 የገና ማግስት ሊቨርፑል ከተማ በጉዲሰን ፓርክ ዲክ ኬር ሌዲስ የተባለውን የፋብሪካ ሴቶች ቡድን ለማየት 53 ሺህ ሰው ገባ። ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር “ጨዋታው ለሴት አይስማማም” ብሎ አባል ክለቦቹ ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ከለከለ። ክልከላው የተነሳው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። እዚያ በሩ በጽሑፍ ተዘጋ።

አሜሪካ ደግሞ በጽሑፍ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤትና ኮሌጅ በፆታ እንዳይለይ አዘዘ። ሕጉ ስለ ስፖርት ብሎ አልጀመረም፤ ግን ኮሌጆቹ ለሴቶች ቡድን እንዲያቋቁሙ አስገደደ። ዛሬ በዚያ አገር አንድ አባት ሴት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊያሳያት ሲሄድ የተለመደ ነገር ነው። የተለመደ እንዲሆን ያደረገው ግን አንድ አንቀጽ ነው።

ኢራን ውስጥ ሴቶች ለአሥርት ዓመታት ወደ ወንዶች ኳስ አይገቡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት ወጣት የወንድ ልብስ ለብሳ ለመግባት ስትሞክር ተያዘች፤ እስር ይጠብቀኛል ብላ ራሷን አቃጥላ ሞተች። በሚቀጥለው ወር ሴቶች ቴህራን አዛዲ ስታዲየም ትኬት ገዝተው ገቡ።

እኛ ጋ የዘጋም የከፈተም ጽሑፍ የለም። ይህ መልካም ዕድል ይመስላል፤ በአንድ በኩል ነውም። ግን የተጻፈ ክልከላ ተቀዳዶ ይጣላል፤ ዲፎልትን የሚቀይረው አንድ ሰው መጥቶ ሲነካው ብቻ ነው።

የነኩት ሴቶች

ሊዲያ ታፈሰ ፊሽካዋን ይዛ ሜዳ መሃል ቆመች። የወንዶች ፕሪሚየር ሊግን ዳኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ደግሞ ፈረንሳይ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ዳኛ ሆና ሄደች። ዳኛ ማለት ስታዲየም ውስጥ በጣም የሚሰደበው ሰው ነው። ያ ሁሉ ወንድ ተቀምጦ እሷ ስትነፋ መቆም ግዴታው ሆነ።

መሰረት ማኒ የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን አሠልጥና ፕሪሚየር ሊግ አስገባች። በመስመሩ ዳር ቆማ ወንዶችን “ውጣ”፣ “ግባ” አለች። አፍሪካ ውስጥ በዋናው ሊግ ይህን ያደረገች ሴት ማግኘት ብርቅ ነበር።

ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ፣ ደደቢትን አልፋ፣ በ2012 ዓ.ም. ማልታ ድረስ ሄደች፤ ለቢርኪርካራ ተጫውታ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነች። ዱራሜ ያለች ልጅ ማልታ የት እንደሆነች ካርታ ላይ የፈለገችው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

እነዚህ ሦስቱ “ሴቶች ስታዲየም ይግቡ” የሚል ዘመቻ አልመሩም። ሥራቸውን ነው የሠሩት። ግን ሥራቸው አንድ ነገር ለወጠ። በፊት አባት ልጁን ይዞ ሲሄድ የሚያሳያት የወንዶችን ዓለም ነበር፤ እሷ እንግዳ ናት። አሁን ጣቱን ቀስሮ “ያቺን አየሻት?” ማለት ይችላል።

የተዘጋው በር

በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አገራችን ውስጥ ያሉት ስታዲየሞች ደረጃውን አያሟሉም አለ። ከዚያ ጀምሮ የወንዶች ብሔራዊ ቡድናችን ለዓመታት “የሜዳዬ” የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ቆየ። ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። ኮንፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ነን፤ ይድነቃቸው ተሰማ እስከ ሕልፈቱ ለ15 ዓመት መርቶታል። እንግዲህ በራሳችን ደጅ ቆመን ቀረን።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ያችው ግብፅ፤ የጥር 13ቷ። ያ ቀን አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ከተማው ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። ግን ሊሎንግዌ ነበር፤ ማላዊ። ያንን ጨዋታ ከመርካቶ ተነስቶ ልጁን ይዞ በእግሩ የሄደ አባት የለም። “እኔ እዚያ ነበርኩ” የሚል አያትም አይኖርም።

አንድ ትውልድ ወንድ ልጅ ብሔራዊ ቡድኑን በዓይኑ ሳያይ አደገ። ስለ ቡድኑ ይሰማል፣ በስልክ ያያል፣ ይከራከራል፤ እዚያ ግን አልነበረም። ይህ አዲስ ሐዘን ይመስላል። ለሴቷ ግን አዲስ አይደለም። የመርካቶ ሴት ልጅ ከ1928 ጀምሮ ኳስን የምታውቀው እንዲህ ነው፤ ወንድሟ ቤት መጥቶ ሲያወራ በመስማት። አሁን ወንዱም እሷ በቆመችበት ቆሞ አየው።

የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ወንዶቹ በሰው አገር ሲንከራተቱ አህጉራዊ ውድድር ወደ ከተማችን የመጣው በሴቶቹ በኩል ነው። ቦታው አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነው፤ ከመርካቶ ብዙም አይርቅም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች በፍጻሜው የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፈው ሞሮኮ ለሚደረገው የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ አለፉ። እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኑ።

1954ን ያላየ፣ የሱዳንን ቀን ያልደረሰ፣ ሊሎንግዌ መሄድ ያልቻለ ልጅ በዚያ ነሐሴ አንድ ዕድል ነበረው። ወንድም ይሁን ሴት። ወላጁ ይዞት መጥቶ ከነበረ፣ የአገሩ ቡድን በአገሩ መሬት ላይ ዋንጫ ሲያነሳ አይቷል። ይህን ያሳዩት ሴቶች ናቸው። ከ60 ዓመት በኋላ “እኔ እዚያ ነበርኩ” የምትል አያት ካለች ከዚያ ቀን ትመጣለች።

እኔ አሁን የሴቶች ሊግ ጨዋታ ሳይ አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። ግፊያ የለም፣ ዱላ የለም፣ ወንበር እንደ ልብ ነው። እዚህም እዚያም አባቶች አያለሁ፤ አንዳንዶቹ የተጫዋቾቹ አባቶች እንደሆኑ ከጩኸታቸው ይታወቃል። እናቶችም አሉ፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ “ኧረ አቀብያት!” እያሉ። ትናንሽ ልጆች በባዶው ወንበር መሃል ይሯሯጣሉ። ከጎኔ የነበረች አንዲት የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ እናቷን “እማዬ፣ ወንዶችም ኳስ ይጫወታሉ?” ብላ ጠየቀቻት። እናትየው ሳቋን ዋጥ አድርጋ “አዎ፣ እነሱም ይሞክራሉ” አለቻት።